የሞያሌ ድርሻ

ስልኩ ሲጮህ ሀዎ ቦኩ ማን እንደሆነ አወቀች። በጠዋት በዚያ መስመር የሚደውለው ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ ያለው የላይኛው የመብራት ጣቢያ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ ሺፋ?»

«አልሐምዱሊላህ። እህቴ፣ ዛሬም ደህና ወሬ አልያዝኩልሽም። ድርሻችሁ ከትናንቱ በግማሽ ይቀነስ ተብሏል።»

«የትናንቱ ራሱ እኮ ግማሽ ነበር!»

«አውቃለሁ። ግድቦቹ ውስጥ የቀረው ጭቃ ነው፤ ተርባይን የሚያዞር ውሃ የለም። እኔም ከአዲስ አበባ የታዘዝኩትን ነው የምነግርሽ። ሌሊትም ቢሆን እንዳትጠብቂ፤ የሌሊቱም ድርሻ ተነስቷል።»

ሀዎ ስልኩን ዘግታ ቁጭ ብላ ቀረች። የሌሊቱ መነሳት ነው ወገቧን የቆረጠው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2009 ነበር፤ ድርቁ የበረታበት ዓመት። ከናይሮቢ የሚነሳው የአገሪቱ መስመር በረሃውን አቋርጦ የኬንያዋን ሞያሌ ስላልደረሰባት፣ ኩባንያው ከኢትዮጵያ በጅምላ ይገዛና ለከተማው በችርቻሮ ያከፋፍል ነበር። ሽቦው ድንበሩን ተሻግሮ ከከተማው ዳር፣ በወንፊት ሽቦ በታጠረች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ይገባል። ከዚያ በሁለት መስመር ይወጣል። አንዱ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። ሌላው ወደ ገበያው፣ ወደ መኖሪያ ቤቶቹና ከብት ወደሚጠጣበት ጉድጓድ ፓምፕ። ውሉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የሚሸጠው የተረፈው ነው። ሻጩ አገር ራሱ ሲቸገር መጀመሪያ የሚቀነሰው የጎረቤት ድርሻ ነው።

ሀዎ በጣቢያዋ ተረኛ ሠራተኛ ነበረች። ሥራውን ያስገኘላት የቴክኒክ ኮሌጅ ዲፕሎማዋ ነው፤ እዚያው ያስቀራት ግን አማርኛዋ ነው። ልጅ ሆና ማዶ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው የተማረችው። አለቃዋ ኬቨን ናይሮቢ ያደገ ጎበዝ ኢንጂነር ቢሆንም ከሺፋ ጋር ከሰላምታ አያልፍም። ወደ ኢሲዮሎ ከተማ እንዲያዛውሯት ደጋግማ ጠይቃለች። መልሱ ሁሌም «አንቺን የሚተካ አማርኛ ተናጋሪ ስንቀጥር» የሚል ነው፤ የተቀጠረ ግን የለም። ከተማው «ማማ ስቲማ» ብሎ ሰይሟታል፤ የመብራት እናት። መብራት ሲኖር ስሙ ቁልምጫ ነው። ሲጠፋ ስድብ ይሆናል፤ ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ሳትገዛ የተመለሰችበት ቀን አለ።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ሆስፒታሉን ቀንም ሌሊትም ያበራሉ፤ ማዶ ሰው ሲተኛና ኃይል ሲተርፍ ደግሞ ለገበያው መስመር ይለቃሉ። ፓምፑ በዚያች ሰዓት ጋኑን ይሞላል፣ ቀን ከብት ይጠጣል። ከዚያ ወዲህ የሌሊቱ እየተቆራረጠ፣ ትናንት ጭራሽ ሳይመጣ ጋኑ ባዶውን አደረ። እንስሳው ግን እየጨመረ ነው። ጎልቦና ኡራን ያሉት ኩሬዎች ደርቀው፣ እረኛው ሁሉ መንጋውን እየነዳ ወደ ከተማው ጉድጓድ ገብቷል።

«ለሁለቱም መስመር አይበቃም» አላት ኬቨን፣ የጠዋቱን ቁጥር ስትነግረው። «ለሆስፒታሉ ብቻ ነው የሚበቃው። የሆስፒታሉ ጀነሬተር ደግሞ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው፤ ምንም ምርጫ የለንም።»

«የገበያውን ካበራሁ የላይኛው ጣቢያ ሁሉንም ይቆርጣል።»

«ማንንም ሳይጠይቅ።»

ፀሐይዋ ከረር ስትል ሀዎ በመስኮቱ አቧራ አየች። ከብት መስሏት ነበር፤ ሰው ነው። ዱላ የያዙ እረኞች፣ ሴቶች፣ ከገበያ የተቀላቀሉ ሰዎች በሩን ሞሉት። አንድ ረጅም ሰው ከሎሪ የፈታውን ሰንሰለት በመዝጊያው ላይ ጠምጥሞ ቆለፈው። ኤሌማ ይባላል፤ ከኡራን የመጡት እረኞች የሚሰሙት ሰው ነው።

«ውሃ እስኪመጣ ከዚህ የሚወጣ የለም!» ሲል ጮኸ።

ኬቨን ወደ ፖሊስ ደወለ። መኪናዎቹ በሙሉ ዳበል አካባቢ ለተነሳ የከብት ዘረፋ ወጥተዋል፤ እስኪመለሱ እንዲታገሡ ነገሩት። የጣቢያዋ ክፍል ጣራዋ ቆርቆሮ ነው፤ ማራገቢያዋን ራሳቸው ካጠፉት ቀናት ሆኗቸዋል፤ የራሳቸውም ፍጆታ ከድርሻው ላይ የሚቀነስ ነውና። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ሀዎ ወደ በሩ ወጣች። ፊቶቹን አንድ በአንድ ስታይ፣ ከኤሌማ ኋላ ዱላው ላይ አገጩን ያሳረፈ ሽማግሌ ላይ ዓይኗ ቆመ።

አባቷ ነው። ቦኩ። ጎልቦ ነው ያለው ብላ ስታስብ ነበር።

«አባ?» አለች በቦረንኛ። «መቼ መጣህ?»

«ትናንት።»

«ቤት ሳትመጣ?»

«ከብቶቹን ማን ላይ ጥዬ?»

ኤሌማ አጥሩን በዱላው መታው። «እኛ የመጣነው ለዝምድና አይደለም! ያንቺ ስቲማ ለቢሮ አምፖል ይበቃል፤ ለከብት ሲሆን የለም ትያለሽ። ገንዳው ሥር የወደቁትን መጥተሽ እያቸው።»

«ለቢሮ አይደለም፤ የቢሮዎቹን ራሳችን አጥፍተናል። ሆስፒታሉ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ አብሪው! ጋኑ ይሙላና መልሰሽ አጥፊው።»

ልትመልስለት ስትል ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የሆስፒታሉ ነርስ ግሬስ ናት። አንዲት ወላድ ከዳበል በሎሪ ተጭና መጥታለች፤ ልጁ ተጋድሞባታል፣ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እያስገቧት ነው። «ሀዎ፣ እባክሽ፣ እንኳን መጥፋት ብልጭ እንዳይል» አለቻት።

ሀዎ ለሺፋ ደወለች። አጥሩን የከበበውን ሰው፣ ሰንሰለቱን፣ ወላዷን፣ ሁሉንም ነገረችው።

«ጋሼ ሺፋ፣ ትንሽ ብቻ ይጨምሩልኝ። ለፓምፑ ብቻ።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «እህቴ፣ እዚህ ፊቴ አንድ መለኪያ አለ። ሃምሳ ላይ መቆም አለበት፤ የመላው አገር ማሽን የሚዞረው በዚያ ምት ነው። አሁን ከሃምሳ በታች ወርዷል። ከዚህ ከዘለቀ ማሽኖቹ ራሳቸውን ለማዳን ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ያኔ ጨለማው ያንቺ ከተማ ብቻ አይሆንም። መጨመር አልችልም። አንቺ ከተፈቀደው በላይ ከሳብሽ ደግሞ መቁረጫው ራሱ በራሱ ይቆርጣል፤ እኔን አያማክርም።»

«እና ምን ልበላቸው?»

«አላውቅም። እኔም እዚህ የምለው ጠፍቶኛል።»

ተመልሳ ስትወጣ ድንጋይ የያዙ ወጣቶች አየች። ስለ ሜጋዋት ብታወራ ማን ይሰማታል? አባቷን እያየች ጀመረች።

«አባ፣ አንተ በወጣትነትህ ከጥልቁ ጉድጓድ ቀድተሃል። ሰው ከሰው በላይ መሰላል ላይ ቆሞ፣ የቆዳውን ባልዲ ከታች ወደ ላይ እየተቀባበለ። አይደለም?»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን ነበር የምትዘፍኑት?»

«ምቱ እንዳይፋለስ ነዋ። አንዱ ከዘገየ ባልዲው ይወድቃል፤ ከታች ያለውን ሰው ይገድላል።»

«ላይ ደግሞ ከብቱ በዝቶ "ፍጠኑ፣ ጨምሩ" ቢሏችሁስ?»

«እጅ ይዝላል። ዘፈኑ ይጎተታል። ያኔ ተራ አስከባሪው ከብቱን ከገንዳው ይመልሳል እንጂ ቀጂውን አይገርፍም።»

«ስቲማም እንደዚያ ነው። ኢትዮጵያ ያሉት ማሽኖች ሁሉ በአንድ ዘፈን ነው የሚቀዱት። የሚጠራቀምበት ጋን የለም፤ የተቀዳው እዚያው ይጠጣል። አሁን እጃቸው ዝሏል። እኔ ያንን መስመር ባበራ ጠጪው ፓምፑ ብቻ አይደለም፤ ወፍጮው፣ ብየዳው፣ በረዶ ቤቱ፣ የየቤቱ ፍሪጅ ሁሉ በአንዴ ገንዳው ላይ ይረባረባል። ባልዲው ይወድቃል። ከታች ያለችው አሁን ሆዷን እየቀደዷት ያለች ሴት ናት።»

ሰዉ ጸጥ አለ። ኤሌማ እንኳን ዱላውን አወረደ።

ኬቨን ከኋላዋ መጥቶ ነበር። የተባለውን ባይረዳም ዝምታውን ተረድቷል። «ንገሪያቸው» አላት። «በየምሰሶው ላይ ያሉትን ትራንስፎርመሮች ፊውዝ በዘንግ ማውጣት እችላለሁ። የፓምፑን ብቻ አስቀርቼ ገበያውን በሙሉ እለያለሁ። እንደዚያ ከሆነ ድርሻችን ሊበቃ ይችላል። ግን መውጣት አለብኝ።»

ተረጎመችላቸው። ወዲያው ጫጫታ ተነሳ። «ሊያመልጥ ነው!» «መኪናውን አስነስቶ ማርሳቢት ሊገባ ነው!» ሀዎ ለመነች፣ ማለች። ማንም አልሰማትም።

ቦኩ ዱላውን ከፍ አደረገ። ሰዉ ለሽበቱ ሲል ዝም አለ።

«ልጁ ይውጣና ሥራውን ይሥራ» አለ። «እሷ ትቆይ። እሱ ካልተመለሰ እሷ አለች።»

ሀዎ የሰማችው በትክክል መሆኑን ለማወቅ አፍታ ፈጀባት። ኤሌማ ሽማግሌውን፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ መልሶ ሽማግሌውን አየ። «ልጅህ ናት?»

«ልጄ ናት።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። ኬቨን ረጅሙን ዘንግ ከመኪናው ጣራ ላይ አስሮ፣ ዓይኗን ማየት ፈርቶ ወጣ። ሁለት እረኞች ከኋላ ተጫኑ። ሰንሰለቱ ተመልሶ ተቆለፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር። ሀዎ ወደ ክፍሏ ገብታ የሆስፒታሉን መስመር ቆጣሪ ታያለች፤ ትወጣለች፤ ትገባለች። ክፍሏም አጥሩም እየጠበቡባት መጡ። ለኬቨን ደወለች፤ አያነሳም። ደግማ ደወለች። ከውጭ «አልነገርናችሁም?» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አርፎ ተንከባለለ።

አባቷ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ድንጋዩ ከመጣበት በኩል ነው የተቀመጠው። ሄዳ ከውስጥ በኩል ከኋላው ቁጢጥ አለች። በመካከላቸው ወንፊት ሽቦው ብቻ ነው ያለው።

«ለምን እኔን?» አለችው።

«ከጎልቦ ስንነሳ ሃያ የሚሆኑ ነበሩ» አለ። «ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። የቀሩት ገንዳው ሥር ተኝተዋል፤ እንዲነሱ ጅራታቸውን እየጎተትኩ ነው ያደርኩት። እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ እንደኔው ነው። "ልጄን ልቀቁልኝ" ብላቸው ኖሮ ይቺን ቤት ያነዷት ነበር።»

«አስያዝከኝ እንጂ አላዳንከኝም።»

«ሰው የራሱን ካላስያዘ ማን ያምነዋል?»

«እኔ ከብት አይደለሁም፣ አባ።»

«አይደለሽም» አለ ቀስ ብሎ። «በሬ ባስይዝ ኖሮ ማንም አይቀበለኝም ነበር።»

ሀዎ ከንፈሯን ነከሰች። ንዴቱ አልወጣላትም። ጀርባው ላይ የሸሚዙ ጨርቅ ሳስቶ አጥንቱ ይታያል። መቼ እንዲህ እንደከሳ አላስተዋለችም ነበር። ውሃ ከእንስራው ቀድታ በኩባያ በሽቦው ሥር አቀበለችው። ጥቂት ጠጥቶ ኩባያውን ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው አሳለፈው።

ስልኳ ጮኸ። ኬቨን ነው።

«ሁሉንም ለይቻለሁ፤ አንድ ቀርቷል። የወፍጮ ቤቱ። ባለቤቱ ምሰሶው ሥር ቆሞ አላስነካም ብሏል። አንቺን ያናግርሽ።»

ባለወፍጮው ሰሊም ከማዶ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ከወፍጮው ጎን የሥጋ ማቀዝቀዣ አለው። ሀዎ ታውቀዋለች።

«ወንድሜ ሰሊም፣ ለዛሬ ብቻ» አለችው በአማርኛ።

«እህቴ፣ ዛሬ ነገ እየተባለ እኮ ከሰርኩ! ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ያለው ሥጋ መሽተት ጀምሯል። ዛሬ መብራት ሊመጣ ነው ሲሉኝ ተመስገን አልኩ፤ አንቺ ደግሞ ለሌላው አብርተሽ እኔን ታጠፊያለሽ። ከብቱ ሂሳብ ይከፍላል?»

«እውነትህን ነው፤ አይከፍልም። ግን አንተን ጨምሬ ባበራ መስመሩ ይቆረጣል፤ ያኔ ላንተም ለማንም የለም። ሆስፒታሉም አብሮ ይጠፋል፤ አሁን አንዲት ሴት ቢላዋ ሥር ናት።»

«ሁልጊዜ አንድ ሰው ቢላዋ ሥር ነው» አለ ሰሊም። ድምፁ ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ድካም ነበር። «ወፍጮውን አጠፋለሁ። ማቀዝቀዣውን አላጠፋም። ያንን ካጠፋሁ እኔም አለቀልኝ። ፊውዙን የሚነካ ካለ በእኔ ላይ ነው የሚወጣው።»

ስልኩን ለኬቨን መለሰለት።

«በኃይል ልወጣበት?» አለ ኬቨን።

«አይሆንም። ሰው ይሞታል። ተወው።»

አሁን ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ቀረ። ፓምፑና የሰሊም ማቀዝቀዣ አንድ ላይ ይበቃቸው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለግሬስ ደወለች፤ ልጁ ወጥቷል፣ እናቲቱን ግን እየሰፉ ነው፤ ደሟ ገና አልቆመም። ሀዎ እዚያው ቆማ ጠበቀች። ከውጭ ጩኸቱ እየጨመረ ነው። ከብቶቹ እየወደቁ ነው። ብታበራ ሴትዮዋ፣ ባታበራ መንጋው። ወጥታ «ጥቂት ታገሡ» አለች። ኤሌማ መሬት ላይ ተፋ።

ግሬስ ራሷ ደወለች። «ጨርሰናል። ደሙ ቆሟል። በእጅ ባትሪም ቢሆን እንቀጥላለን።»

ሀዎ የሺፋን ቁጥር ደወለች። «ጋሼ ሺፋ፣ ላበራ ነው። ፓምፕ እና አንድ ማቀዝቀዣ። ሌላው ተለይቷል።»

«ስልኩን አትዝጊ» አላት። ከዚያ ከጎኑ ለሌላ ሰው ሲያዝ ሰማችው፤ የአንድ ቦታ ስም ጠራ፤ በደንብ አልተሰማትም። «አሁን» አላት።

እጀታውን ገፋችው። ከውስጥ ከባድ ብረት ሲጋጭ ተሰማ። የመለኪያው መርፌ ዘለለ፤ ቀዩን መስመር ነካ፤ አለፈው። ሀዎ ዓይኗን ልትጨፍን ቃጣት። የፓምፑ ሞተር ሲነሳ እንደዚያ እንደሚስብ ታውቃለች፤ ቢሆንም እጇን ከእጀታው አላነሳችም። መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፣ ከቀዩ በታች ሆኖ ቆመ።

«ያዘ?» አለ ሺፋ።

«ያዘ።»

ከሩቅ፣ ከጉድጓዱ በኩል፣ መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሰው እልልታ መጣ። አጥሩ ላይ የነበረው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደዚያ ፈሰሰ።

«ጋሼ ሺፋ፣ ይሄ ከድርሻችን በላይ ነው። እያየሁት ነው። ከየት አመጡት?»

«አትጠይቂኝ።»

«ይንገሩኝ።»

«አንድ ሌላ ከተማ አጥፍቼ ነው። ዛሬ ተራቸው አልነበረም። እነሱም ወፍጮ አላቸው፣ እነሱም ጤና ጣቢያ አላቸው። እስኪመሽ ነው የሰጠሁሽ፤ ነገ ማን እንዳዘዘኝ እጠየቃለሁ። አላህ ዝናብ ይስጠን፤ ሌላ ምን እላለሁ።»

ኤሌማ ሰንሰለቱን ፈትቶ ወደ ሎሪው ወረወረው። ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ አለፈ። ቦኩ ብቻ ቀረ። በሩን ገፍቶ ገባና ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆመ። ጠረጴዛውን፣ ስልኩን፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ መርፌ አየ።

«ይሄ ነው?» አለ።

«ይሄ ነው።»

«ነይ እንግዲህ፣ ውጪ። ተከፍቷል።»

«አልችልም፣ አባ። አንድ ሰው በስርቆት አንድ ብየዳ ቢያስነሳ መርፌዋ ታልፋለች። ሳታልፍ ማጥፋት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው የተከፈተውን በር ዞሮ አየው፤ ከዚያ እሷን። ከጉድጓዱ በኩል ስሙን እየጠሩት ነው፤ የገንዳው ተራ ደርሶታል። ራሷን በመዳፉ ነካ አድርጎ፣ በዱላው ተደግፎ እየተቻኮለ ወጣ።

ያን ቀን ብዙ ከብት ጠጣ። ከአባቷ መንጋ ሁለቱ ውሃው ሳይደርስላቸው ሞተዋል፤ አንዷ ደግሞ ጠጥታ ካበቃች በኋላ ወድቃ አልተነሳችም። ወላዷና ልጇ ተርፈዋል። ኬቨን አቧራ ለብሶ ተመልሶ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ «አንቺን ትቼ መሄዴ» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። ሻይ አፈላላት፤ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል ጠጣች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሺፋ ደወለ። መስመሩን እንድታጠፋ ነገራት፤ አጠፋችው። የፓምፑ ድምፅ ቆመ።

«የነገውን ላስመዝግብ ነው» አለ። «ስንት ትፈልጋላችሁ?»

«ስንት አለ?»

«እስኪ አንቺ ቁጥሩን ጥሪ። የሚሰጡኝን እነግርሻለሁ።»

ሀዎ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና ለሆስፒታሉና ለፓምፑ የሚበቃውን ቁጥር ነገረችው።